የደብር ደን ከችግኝ በፊት ካብ ይፈልጋል

በአጥቢያችሁ ቤተ ክርስቲያን ዙሪያ ያለው ደን እየሳሳ ከሆነና ሰበካ ጉባኤው ለክረምቱ ችግኝ ለመግዛት ካሰበ፣ ገንዘቡን ከማውጣቱ በፊት የድንጋይ ካብ እንዲያስቀድም ብትመክሩ መልካም ነው። በደቡብ ጎንደር የደን ሥነ ምህዳር ተመራማሪው ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ ከካህናትና ከምእመናን ጋር የሠሩት ሥራ እንዳሳየው፣ ከብት እንዳይገባበት በካብ የታጠረ ደን ከወደቀው ዘር በራሱ ቡቃያ ያወጣል፤ ድንጋዩም ከገበሬው ማሳ ስለሚለቀም መሬቱ ለማረስ ይቀላል።

ካቡን ከዛፎቹ ጋር አታጣብቁት። ጥቂት ሜትር ወጣ ተደርጎ ሲሠራ ደኑ የሚሰፋበት ቦታ ያገኛል፤ ሲሚንቶም አያስፈልገውም፣ ትልልቁን ድንጋይ ከታች አስቀምጦ ወደ ላይ እያጠበቡ መካብ ይበቃል። በሩ ግን መዝጊያ ይኑረው፤ አንዲት ፍየል ክረምቱን ሙሉ የበቀለውን ጫፍ ጫፉን ቀርጥፋ ልትጨርሰው ትችላለች።

ባዶ የቀረውን ቦታ ለመሙላት፣ ዝናቡ ከጸና በኋላ በሐምሌ፣ ከእናት ዛፎቹ ሥር ተጨናንቀው የበቀሉትን የወይራና የጥድ ቡቃያዎች ከነአፈራቸው አንሥቶ ማዛወር ይቻላል። ወይራን ከዘር ለማፍላት የሚፈልግ ሰው የፍሬውን ሥጋ አጥቦ ጠንካራውን ቅርፊት በጥንቃቄ ቢሰነጥቀው የተሻለ ይበቅልለታል። ባሕር ዛፍ ለደብሩ ገቢ ማስገኘቱ አይካድም (ለቆርቆሮና ለምስማር የሚሆን ገንዘብ ከእርሱ ይገኛል)፣ ነገር ግን ከሥሩ ሌላ ቡቃያ እምብዛም ስለማያሳድግ ከካቡ ውጭ፣ ከጠበሉ ምንጭም ርቆ ይተከል።