የሽንኩርት ቀለበት ልብሱን እንዳያወልቅ

ቤት ውስጥ የሚጠበስ የሽንኩርት ቀለበት (በክብ ተቆርጦ ሊጥ የለበሰ ሽንኩርት) ላይ ያስቸገረኝ ነገር ሁለት ነበር። ሊጡ ከሽንኩርቱ ይላቀቃል፤ ያልተላቀቀውም ገበታ እስኪደርስ ይልፈሰፈሳል። አሁን ሁለቱም ተፈተዋል።

የችግሩ ሥር ውሃ ነው። የሽንኩርት አብዛኛው ክፍል ውሃ ነው፤ ሲሞቅ እንፋሎት ሆኖ ይወጣና ሊጡን ከውስጥ ይገፋዋል። በየቀለበቱ ውስጠኛ ጎን ደግሞ ስስ፣ የሚያሙለጨልጭ ሽፋን አለ። ሊጥ እሱ ላይ አይይዝም። ስለዚህ ሽፋኑን በጥፍሬ እየላጥኩ አወጣሁት። አሰልቺ ሥራ ነው፣ አልዋሽም፤ ለውጡ ግን ወዲያው ይታያል። ከዚያ ቀለበቶቹን በንጹሕ ጨርቅ አደረቅኩና ደረቅ ዱቄት ውስጥ አገላበጥኳቸው። ሊጡ የሚጨብጠው ይህን ዱቄት ነው።

ሊጡን በሁለት እጅ የስንዴ ዱቄትና በአንድ እጅ የበቆሎ ስታርች ሠራሁት። ስታርች ግሉተን (የስንዴ ሊጥን የሚያለጥጠው ፕሮቲን) ስለሌለው ቅርፊቱ እንደ ዳቦ አይለጠጥም፣ ክርሽም ይላል። ውሃው በጣም የቀዘቀዘና ጋዝ ያለው ይሁን። ብዙ አይማሰልም፤ ትንሽ ጓል ቢቀር ችግር የለውም።

ዘይቱ 180 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ። ቴርሞሜትር ከሌለ ጠብታ ሊጥ ጣል ማድረግ ነው፤ ወዲያው ተንጣጥቶ ከተንሳፈፈ ደርሷል። በአንዴ ብዙ ከታጨቀ ዘይቱ ይቀዘቅዛል፣ ሊጡም ዘይት ይጠጣል። ሲወጣ ወረቀት ላይ አትከምሩት፤ ከሥሩ በገዛ እንፋሎቱ ይርሳል። የሽቦ መደርደሪያ ላይ ነጠል ነጠል አድርጋችሁ ጨው ነስነስ። የተረፈ ካለ ምድጃ ውስጥ ይሞቃል እንጂ ማይክሮዌቭ አይንካው።