ከጂአይ ቢል «ገንዘብ መልስ» የሚል ደብዳቤ ሲመጣ

ጂአይ ቢል ለቀድሞ የአሜሪካ ወታደሮች የሚሰጥ የትምህርት ድጋፍ ነው፣ የሚከፍለውም ቪኤ የሚባለው የቀድሞ ወታደሮች ጉዳይ መሥሪያ ቤት ነው። «ገንዘብ መልስ» የሚለው ደብዳቤ ብዙ ጊዜ የሚመጣው ነገሩ ከተረሳ በኋላ ነው። ሴሚስተሩ አልቋል፣ የቤት አበሉ ለኪራይ ወጥቷል፣ ከዚያ ሚኒሶታ ካለው የቪኤ የዕዳ ክፍል አንድ ፖስታ ይመጣና ይህን ያህል ዶላር በትርፍ ተከፍሎሃል፣ መልስ ይላል። ከአሜሪካ ጦር ወጥቶ ኮሌጅ የገባ አንድ ጓደኛዬ ፖስታውን ሳይከፍት ሦስት ወር መሳቢያ ውስጥ አስቀመጠው። ፈርቶ ነው፣ አልፈርድበትም። ግን ሳያስበው የሚቀጥለው ሴሚስተር አበሉ መቆረጥ ጀመረ፣ ኪራይም ጎደለበት።

ስለዚህ ክፈቱት። መጀመሪያ የምታዩት ከብሩ መጠን በፊት ቀኑን ነው። ዕዳው ልክ አይደለም ወይም ማሩኝ የሚል ጥያቄያችሁን በ30 ቀን ውስጥ ካስገባችሁ ቪኤ ጉዳዩ እስኪታይ ከአበላችሁ አይቆርጥም። ዝም ከተባለ ደግሞ ዕዳው ከ120 ቀን በኋላ ወደ አሜሪካ መንግሥት ግምጃ ቤት (ትሬዠሪ) ይተላለፋል፣ እነሱ ታክስ ሪፈንዳችሁን ሳይቀር ይወስዳሉ።

ከዚያ ዕዳው የምን እንደሆነ ለዩ። የቤት አበል፣ የመጽሐፍ ገንዘብና የትምህርት ክፍያ ለየብቻ ነው የሚሰሉት። የትምህርት ክፍያውን ቪኤ አሁን አሁን በአብዛኛው ከትምህርት ቤቱ ነው የሚጠይቀው። ትምህርት ቤቱ ደግሞ ወደ እናንተ ይዞራል። ሁለት ቦታ ዕዳ ሊኖርባችሁ ስለሚችል የትምህርት ቤት ሂሳባችሁንም ገብታችሁ እዩ።

ቀጥሎ ማነጋገር ያለባችሁ ሰው፣ በእኔ እምነት ከሁሉም በፊት፣ እዚያው ግቢ ውስጥ ነው፦ በየሴሚስተሩ የስንት ክሬዲት ተማሪ እንደሆናችሁ ለቪኤ የሚያሳውቀው ሠራተኛ። ቪኤ የሚያውቀው እሱ የላከለትን ብቻ ነው። «ኮርሱን የተውኩት በየትኛው ቀን ነው ብለህ ላክህ? ምክንያቱንስ ምን አልክ?» ብላችሁ ጠይቁት። አንዱን ክፍል ትታችሁ ሌላ ከያዛችሁ፣ የተዋችሁት ተልኮ የያዛችሁት ሳይላክ ቀርቶ ሊሆን ይችላል። እንዲህ ያለ ስህተት ካለ እሱ ማስተካከያ ሲልክ ዕዳው ይቀንሳል፣ አንዳንዴም ጭራሽ ይጠፋል።

ምክንያት ማቅረብ ትልቅ ልዩነት ያመጣል። ኮርስ ካቋረጣችሁና በቂ ምክንያት ካላቀረባችሁ ቪኤ የዚያን ኮርስ ገንዘብ ከሴሚስተሩ የመጀመሪያ ቀን ጀምሮ ይጠይቃችኋል። ምክንያቱን ከተቀበለ ግን የምትመልሱት ካቋረጣችሁበት ቀን በኋላ ያለውን ነው። ሕመም፣ የቤተሰብ ሞት፣ በሥራ ምክንያት መዛወር ይቆጠራሉ። እናቱ አርፈው ለለቅሶ አዲስ አበባ ሄዶ ሴሚስተሩ የተበላሸበት ልጅ በቂ ምክንያት አለው፤ የአውሮፕላን ትኬቱንና የሞት ምስክር ወረቀቱን አስተርጉሞ ያያይዝ። ለመጀመሪያ ጊዜ ስታቋርጡ ደግሞ እስከ 6 ክሬዲት ድረስ ያለ ማስረጃ በቂ ምክንያት እንዳላችሁ ይቆጠራል፣ ይህ ግን አንድ ጊዜ ብቻ ነው።

ዕዳው ልክ አይደለም ማለትና ዕዳው ልክ ነው ግን ማሩኝ ማለት ይለያያሉ፣ ሰው ደግሞ በጣም ያምታታቸዋል። ስህተት ነው ካላችሁ ለምን ስህተት እንደሆነ ጽፋችሁ ከማስረጃ ጋር ላኩ። ምሕረት ከፈለጋችሁ ግን ፎርም 5655 ትሞላላችሁ፤ ገቢና ወጪያችሁ፣ ኪራይ፣ የልጅ መዋያ፣ የመኪና ዕዳ ሁሉ እዚያ ላይ ይገባል። ጥፋቱ የማን እንደነበርና ገንዘቡን ብትመልሱ ቤታችሁ ምን እንደሚሆን በግልጽ የሚያስረዳ ደብዳቤም አያይዙ። ለምሕረት ጥያቄ ያላችሁ ጊዜ ከመጀመሪያው ደብዳቤ ቀን ጀምሮ 1 ዓመት ነው፣ ግን አትጠብቁ፣ አበላችሁን የሚያድነው 30 ቀኑ ነው።

መክፈል ግድ ከሆነ ወደ ቪኤ የዕዳ ክፍል በ800-827-0648 ደውላችሁ በየወሩ ለመክፈል ተስማሙ። የምትችሉትን ቁጥር ብቻ ተናገሩ፤ አፍራችሁ ከፍ ያለ ቁጥር ጠርታችሁ በሁለተኛው ወር ከምታቋርጡ ትንሹ ይሻላል። ይህን ለመክፈል ክሬዲት ካርድ ባትነኩ እመክራለሁ፣ ወለዱ ሌላ ዕዳ ነው። ለማስጨረስ ገንዘብ የሚጠይቅ ሰው ቢመጣ አትክፈሉ፣ ፈቃድ ያላቸው የቀድሞ ወታደሮች ማኅበራት ተወካዮች በነፃ ያግዛሉ።

በደወላችሁ ቁጥር ቀኑን፣ ያነጋገራችሁን ሰው ስምና ያለውን ጻፉ። የምትልኩትን ወረቀት ሁሉ ኮፒ ያዙ።