«ስንት መርከብ?» ከማለታችን በፊት፦ ባሕር ኃይል ሲታቀድ ሊወገዱ የሚገቡ ስህተቶች

ደሴ ላይ ቡና ፈልቶ የቀይ ባሕር ወሬ ሳይነሳ በረካ አይደረስም። አይገርምም። ከኮምቦልቻ በባቲና በሚሌ አድርጎ አሰብ የሚወርደው መንገድ የወሎ ሹፌር መንገድ ነበር። በፈረንጆቹ 2019 ደግሞ የፈረንሳዩ ፕሬዚዳንት ማክሮን ላሊበላን ጎበኙ። በዚያው ቀን አዲስ አበባ ላይ የተፈረመው የመከላከያ ስምምነት የኢትዮጵያን ባሕር ኃይል መልሶ ለማቋቋም የሚደረግ ድጋፍን ይጨምር ነበር። ከዚያ ወዲህ ወሬው ደርቷል። ችግሩ ሁሌ የሚጀምረው «ስንት መርከብ ይበቃናል?» ከሚለው መሆኑ ነው።

ቁጥሩ መምጣት ያለበት መጨረሻ ላይ ነው። ይህን ለማወቅ አድሚራል መሆን አያስፈልግም። ገንዘብም እውቀትም የሞላቸው አገሮች የት የት እንደተደናቀፉ ማየት ይበቃል። ዓመቶቹን በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።

ሥራውን ትቶ ከመርከቡ መጀመር

ታይላንድ በ1997 ቻክሪ ናሩቤት የተባለውን አውሮፕላን ተሸካሚ ከስፔን አሠርታ ተረከበች። በዚያው ዓመት የእስያ የገንዘብ ቀውስ ገባና መርከቡን ባሕር ላይ ማዋል ከበዳት። ከላዩ የሚነሱት ሀሪየር ጄቶች መጀመሪያውኑ ያገለገሉ ነበሩ። በ2006 ጭራሽ ከአገልግሎት ወጡ። መርከቡ አለ፣ ጄት የለም። አብዛኛውን ዕድሜውን ወደብ ላይ ቆሞ ነው የገፋው።

መቅደም ያለበት ጥያቄ «ምን ይሥራልን?» ነው። ኮምቦልቻ ደረቅ ወደብ የሚራገፈውን ኮንቴይነር እንውሰድ። ከቻይና የመጣ ከሆነ የቀይ ባሕር የታችኛው ጠባብ በር የሆነውን ባብ ኤል መንደብን አያልፍም። በኤደን ባሕረ ሰላጤ በኩል ጅቡቲ ይገባል። ከአውሮፓ በስዊዝ የመጣ ከሆነ ግን ቀይ ባሕርን ከላይ እስከ ታች አቋርጦ፣ በዚያች ጠባብ በር ሾልኮ ነው የሚደርሰው። በመጀመሪያው መንገድ የቆየው ስጋት የባሕር ላይ ወንበዴ ነው። ለእሱ ረጅም ጊዜ ባሕር ላይ መቆየት የሚችል ቃኚ መርከብ ከሄሊኮፕተር ጋር ብዙ ይሠራል። በሁለተኛው ሚሳኤልና ድሮን አለ። ለዚያ ጥሩ የአየር መከላከያ ያለው ፍሪጌት (መካከለኛ የጦር መርከብ) ያስፈልጋል። በሁለቱ መርከቦች መካከል ያለው የዋጋ ልዩነት የሰማይና የምድር ነው። ይሄ ሳይለይ ስለ ቁጥር ማውራት ላም አለኝ በሰማይ ነው።

የተገዛውን ሁሉ ባሕር ላይ እንዳለ መቁጠር

ኮምቦልቻ ላይ ሦስት ከባድ መኪና ያለውን ሰው ጠይቁት። አንዱ ጭኖ መንገድ ላይ ነው። አንዱ ጋራዥ ተኝቷል። ሦስተኛው ገና ከጥገና ወጥቶ ሹፌርና ረዳት እየተለማመደበት ነው። የጦር መርከብም እንደዚያው ነው። ባሕር ኃይሎች በልምድ የሚያሰሉት አንድ መርከብ ሁልጊዜ ባሕር ላይ እንዲኖር ሦስት ያስፈልጋል ብለው ነው።

እንግሊዝ ይህን በደንብ ቀምሳዋለች። ታይፕ 45 የሚባሉትን የአየር መከላከያ መርከቦች 12 ልትሠራ አቀደች። ወደ 8 ወረደ፣ በመጨረሻ 6 ሆነ። በ2016 ስድስቱም በአንድ ጊዜ ወደብ ላይ የታሰሩበት ወቅት ነበር። በወረቀት ስድስት፣ ባሕር ላይ ዜሮ!

አዲስ ነገር ሁሉ አንድ መርከብ ላይ መጫን

እነዚሁ መርከቦች ሌላም ጉድ አለባቸው። ሞተራቸው ነዳጅ ቆጣቢ የተባለ አዲስ ዓይነት ነበር። ቀዝቃዛ ባሕር ላይ ችግር የለበትም። ሙቅ ባሕር ሲገባ ግን ማቀዝቀዣው አይችለውም፣ ሞተሩ ይዳከማል፣ ኃይል ይቋረጣል። መርከቡ የሚነዳውም በኤሌክትሪክ ስለሆነ መብራት ሲጠፋ ሁሉም ነገር ቀጥ ይላል። እኛ መብራት ሲጠፋ ሻማ እንፈልጋለን፤ እነሱ ቢሊዮን ፓውንድ የፈጀ መርከብ ላይ ተቀምጠው ይጠብቃሉ። መፍትሔው የመርከቡን ሆድ ከፍቶ ተጨማሪ ጄኔሬተር ማስገባት ሆነ። የደቡብ ቀይ ባሕር ውሃ ከሰኔ እስከ መስከረም ባሉት ወራት ከ30 ዲግሪ በላይ ይሞቃል። ለዚያ አካባቢ መርከብ የሚገዛ ሰው የመጀመሪያ ጥያቄው ስለ ማቀዝቀዣው ይሁን።

አሜሪካ ደግሞ ዙምዋልት የተባለውን መርከብ ስታስብ 32 ነበር ያለችው። የተሠራው 3 ነው። ቁጥሩ ሲቀንስ ለመድፉ ብቻ የተፈለሰፈው ጥይት ዋጋው ናረ። አንዱ ጥይት 800 ሺህ ዶላር ገደማ ደረሰ ተባለና በ2016 ግዢው ቀረ። መድፍ አለ፣ የሚተኩሰው የለም። የባሕር ዳርቻ ውጊያ መርከብ የሚሏቸውም ከዚህ ብዙ አልተሻሉም። መሣሪያቸው እንደ ሥራው ተነቅሎ ይቀያየራል የተባለው ነገር ሳይሳካ ቀረ። ከእነሱ አንዷ፣ ሱ ሲቲ፣ በ2018 ሥራ ጀምራ በ2023 ተሰናበተች። አምስት ዓመት እንኳ አልሞላትም።

«ትንሽ ብቻ እናሻሽላት»

ከዚህ በኋላ አሜሪካ ብልህ መሰለች። ተሠርቶ የተፈተነ የአውሮፓ ፍሪጌት ወስዳ ኮንስቴሌሽን የተባለችውን የራሷን ፍሪጌት ልትሠራ ተነሳች። ሐሳቡ ከእናትየው መርከብ ጋር 85 በመቶ ያህል እንድትመሳሰል ነበር። ከዚያ ይሄ ይጨመር፣ ያ ይቀየር ሲባል መመሳሰሉ ከ15 በመቶ በታች ወረደ። ክብደቷ ጨመረ። ንድፉ ሳያልቅ ግንባታው ተጀመረ። በ2025 መጨረሻ ከመጀመሪያዎቹ 2 በቀር የቀሩት ተሰረዙ። እኔ እንደሚመስለኝ ከስህተቶቹ ሁሉ አሳሳቹ ይሄ ነው። እያንዳንዱ ለውጥ ለብቻው ሲታይ ተገቢ ነውና ማንም እምቢ አይልም።

ጥይቱን መርሳት

የመርከብ ዋጋ ሲነገር ጥይቱ አብሮ የተነገረ ይመስለናል። አይደለም። ከ2023 መጨረሻ ጀምሮ የየመን ሁቲዎች ቀይ ባሕር ላይ መተኮስ ሲጀምሩ ነገሩ ገሃድ ወጣ። አንድን ርካሽ ድሮን ለመምታት 2 ሚሊዮን ዶላር ገደማ የሚያወጣ ሚሳኤል ይተኮሳል። ዋጋውስ ይሁን። ክፋቱ፣ ሚሳኤሎቹ ያሉት መርከቡ ወለል ውስጥ በቁመት በተቀበሩ ጉድጓዶች ነው። ሲያልቁ እዚያው ባሕር ላይ መሙላት ገና የተለመደ አሠራር አልሆነም። ወደብ መመለስ፣ ክሬን መጠበቅ አለ። ሚሳኤሉ ያለቀበት መርከብ የአህያ ባል ነው፤ ከጅብ አያስጥልም።

ጥይት መኖሩም አይበቃም፣ መሥራት አለበት። የዴንማርክ ፍሪጌት ኢቨር ሁትፌልት በመጋቢት 2024 ቀይ ባሕር ላይ የድሮን ጥቃት ገጠማት። በመሃል ራዳሯና የሚሳኤል ሥርዓቷ አልናበብ አሉ። ወደ መድፉ ሲዞሩ የተወሰኑት ጥይቶች ዒላማው ጋ ሳይደርሱ አየር ላይ ፈነዱ። መርከቧ ተርፋ ተመለሰች። የጦር ኃይሎች አዛዡ ግን ጉዳዩን ለሚኒስትሩ በጊዜው አላሳወቁም ተብለው ከሥልጣን ተነሱ። ስለዚህ ዕቅድ ላይ «5 ፍሪጌት» ተብሎ ሲጻፍ፣ ከጎኑ ስንት ሙሉ ጭነት ሚሳኤል እንዳለና በዓመት ስንቱ ለልምምድ እንደሚተኮስ ካልተጻፈ ዕቅዱ ግማሽ ነው።

ሰውንና ወደብን ለበኋላ ማቆየት

አውስትራሊያ ፐርዝ የተባለች ፍሪጌቷን ከ2017 ጀምሮ ሁለት ዓመት ገደማ ከውሃ አውጥታ አቆመቻት። ምክንያቱ የባሕርተኛ እጥረት ነው። መርከብ በአራት አምስት ዓመት ተሠርቶ ይመጣል። የሞተር ክፍሉን ጫጫታ ሰምቶ የቱ ፓምፕ እንደታመመ የሚያውቅ አንጋፋ ባለሙያ ግን ከዚያ በላይ ዓመት ይፈልጋል። በገንዘብ አይገዛም።

ወደቡን በተመለከተ ሩቅ አንሄድም። የኛ ባሕር ኃይል በ1955 ተመሠረተ። ምፅዋ ላይ ነበር የሚኖረው፣ የኖርዌይ መኮንኖች አሠልጥነውታል። በ1962 አሜሪካ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የባሕር አውሮፕላኖችን ታገለግልበት የነበረውን መርከብ ሰጠች። «ኢትዮጵያ» ተብሎ ዋናው መርከብ ሆነ። በደርግ ዘመን የሶቪየት ፍሪጌቶችና የሚሳኤል ጀልባዎች ተጨመሩ። በየካቲት 1990 ምፅዋ ሄደች። በ1991 የቀሩት መርከቦች የመንና ሌሎች ጎረቤት አገሮች ወደብ ተበተኑ። «ኢትዮጵያ» የመን ላይ ቆይታ በ1993 ለብረታ ብረት ተሸጠች። በዋናነት የጠፋው የሚታሰሩበት ምድር ነው፤ እሱ ከሄደ ነዳጁም፣ መለዋወጫውም፣ መጠገኛውም ሄደ። ወደብ እንዴት ይገኛል የሚለው የዲፕሎማሲ ጉዳይ ነው፣ እዚህ አልገባበትም። ግን በሰው ወደብ የሚቆም ባሕር ኃይል ዕቅዱ ላይ አንድ ተጨማሪ መስመር ያስፈልገዋል፦ ባለቤቱ ሐሳቡን ቢቀይር መርከቦቹ የት ያድራሉ?

«ድሮን መጥቷል፣ መርከብ አበቃለት»

ይሄ የወጣቶቹ ክርክር ነው፣ ግማሹ እውነት ነው። ዩክሬን ይህ ነው የሚባል የጦር መርከብ ሳይኖራት በሚያዝያ 2022 የሩሲያን የጥቁር ባሕር ዋና መርከብ ሞስክቫን በሚሳኤል አሰጠመች። በኋላም በባሕር ድሮኖች የሩሲያን መርከቦች ወደ ምሥራቅ ገፋች። ሆኖም ጠላትን ከባሕር መከልከል አንድ ነገር ነው፣ የራስን ንግድ በባሕር ማሳለፍ ሌላ ነው። የእህል መርከቦች ከኦዴሳ ተነስተው በሮማኒያና በቡልጋሪያ ዳርቻ ሲጓዙ ውሃው ላይ የሚንሳፈፍ ፈንጂ ይጠብቃቸው ነበር። ያንን ለማጽዳት ሮማኒያ፣ ቡልጋሪያና ቱርክ በ2024 ተስማምተው ፈንጂ ጠራጊ መርከቦቻቸውን በጋራ አሰማሩ። ትንንሽ፣ ቀርፋፋ፣ ፎቶ የማያምርባቸው መርከቦች ናቸው።