የቃር ኦፕራሲዮን ሲያማርጡ የሚሠሩ ስህተቶች

እኛ ዘንድ ከደረት በታች የሚያቃጥል ነገር ሁሉ ስሙ «ጨጓራ» ነው። ቃሩም፣ ቁስለቱም፣ ኤች ፓይሎሪውም በአንድ ስም ይጠራል። በቡና ጨዋታ መሃል ችግር የለውም። ኦፕራሲዮን ሲመረጥ ግን ጣጣ ያመጣል።

ትልቁ ስህተት የሚመጣውም ከዚሁ ነው፤ የሚያቃጥለው ምን እንደሆነ ሳያረጋግጡ «የቱ ኦፕራሲዮን ይሻላል?» ብሎ መነሳት። እነዚህ ኦፕራሲዮኖች አንድ ሥራ ብቻ ነው ያላቸው። ከጨጓራ ወደ ምግብ ቧንቧ የሚመለሰውን ያግዳሉ። የሚመለስ ነገር ከሌለ የሚታገድም የለም።

በ2019 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) አሜሪካ ውስጥ በቀድሞ ወታደሮች ላይ የተሠራ አንድ ጥናት ወጥቶ ነበር። መድኃኒት ያልመለሰላቸው 366 የቃር ሕመምተኞች ተመዘገቡ። 42ቱ ኦሜፕራዞል የሚባለውን አሲድ ቀናሽ ኪኒን በደንቡ፣ ከምግብ በፊት፣ ለሁለት ሳምንት ሲወስዱት ተሻላቸው። የ99ኙ ቃር ደግሞ ከአሲድ መመለስ ጋር የማይገናኝ ሆኖ ተገኘ። ሌሎችም በየምክንያቱ ወጥተው ለንጽጽሩ የቀሩት 78 ብቻ ናቸው። ከእነዚህ መካከል ኦፕራሲዮን ከደረሳቸው 67 በመቶው ተሻላቸው። ተጨማሪ መድኃኒት ከተሰጣቸው ግን 28 በመቶው ብቻ። ተጣርቶ ለሚገባው ሰው ኦፕራሲዮኑ ጥሩ ነው ማለት ነው።

ለማጣራት ኢንዶስኮፒ ብቻውን ብዙ ጊዜ አይበቃም። በአፍንጫ በሚገባ ቀጭን ቱቦ አሲዱ ለ24 ሰዓት ይለካል። የቧንቧውን ጡንቻ ግፊት የሚለካ ማኖሜትሪ የሚባል ምርመራም አለ። ይህን «ውድ ነው» ብለው አይዝለሉት። አካሌዥያ የሚባል ሕመም አለ፤ የቧንቧው የታች በር አልከፈት ብሎ ምግብ እዚያው ይከማቻል፤ ስሜቱም ቃር ይመስላል። እንዲህ ያለውን በር ጭራሽ ማጥበቅ ምን እንደሚያመጣ አስቡት።

«ጠበቅ ያለው ይሻላል» ማለትም ሌላ ስህተት ነው። ሩዶልፍ ኒሰን የተባለ ቀዶ ሐኪም በ1956 ይፋ ያደረገው ኦፕራሲዮን የጨጓራውን ጫፍ በቧንቧው ዙሪያ ሙሉ ለሙሉ ይጠቀልላል። በ1963 የመጣው ቱፔ የሚባለው ኦፕራሲዮን ደግሞ ሦስት አራተኛውን ብቻ ነው። ሁለቱ ሲነጻጸሩ አሲድ በማገድ ተቀራራቢ ናቸው። የመዋጥ ችግርና የሆድ መነፋት ግን በቱፔ ያንሳል። ኒሰን የተሠራ ሰው ማግሳትም ማስመለስም ሊያቅተው ይችላል። ሽሮ በልቶ ማግሳት አለመቻል! እኔን ቢጠይቁኝ ቱፔን ሳልጠይቅ አላልፍም።

በቧንቧው የታች በር ዙሪያ የሚታሰረውን የማግኔት ቀለበት እንደ ቀላል ጌጥ ማየትም አለ። አሜሪካ በ2012 የፈቀደችው ነው፤ ሲውጡ ይከፈታል፣ ሲጨርሱ ይዘጋል። ማግሳት ብዙም አይከለክልም። ግን ማግኔት ነውና ኃይለኛ ኤምአርአይ ውስጥ አይገባም። የጀርባ ወይም የጭንቅላት ሕመም ኖሮብዎት ኤምአርአይ ደጋግመው የሚነሱ ከሆነ ቀድመው ይናገሩ።

ሆድ ሳይቀደድ በአፍ በኩል ገብቶ የሚሠራውም ያጓጓል። ትልቅ ሄርኒያ፣ ማለትም የጨጓራው ጫፍ ወደ ደረት የወጣበት ችግር፣ ላለበት ግን ብቻውን አይሆንም።

ውፍረትም ካለ ጨጓራን ቆርጦ የሚያቀጥነውን ኦፕራሲዮን በአንድ ድንጋይ ሁለት ወፍ ብለው አይምረጡ። ቃርን ሊያባብስ ይችላል። ለቃረኛ የሚመከረው ባይፓሱ፣ ማለትም ጨጓራውን አሳንሶ በቀጥታ ከአንጀት ጋር የሚያገናኘው ኦፕራሲዮን፣ ነው።

«ከተሠራሁ በኋላ ኪኒን ቻው» የሚሉም አሉ። በ2017 የወጣ የስዊድን ጥናት 2,655 ሰዎችን ተከታትሎ በ17.7 በመቶው ላይ ቃሩ መመለሱን አሳይቷል። አብዛኞቹ የተመለሱትም ወደ ኪኒናቸው ነው። ድጋሚ ኦፕራሲዮን ደግሞ ከመጀመሪያው ይከብዳል።

ስለዚህ የመጀመሪያውን ኦፕራሲዮን የሚሠራው ማን ነው የሚለው ከኦፕራሲዮኑ ስም ባልተናነሰ ይጠየቃል። «ዶክተር፣ ይህንን በዓመት ስንት ጊዜ ይሠራሉ?» ብዙዎቻችን ይህን ለመጠየቅ ይሉኝታ ይዞን ስንወጣ በሩ ላይ ነው ትዝ የሚለን።