ቤት ውስጥ የተቀባ ፀጉር ሲበላሽ እንዴት ይስተካከላል?

ፀጉራችሁን ታጥባችሁ መስታወት ስታዩ ያሰባችሁት ቡናማ ድፍን ጥቁር ሆኗል። ወይም ሥሩ ብርቱካናማ ሆኖ፣ ጫፉ የድሮውን ጥቁር እንደያዘ ቀርቷል። በዚህ ሰዓት ቶሎ ወደ አእምሮ የሚመጣው ሌላ ፓኬት ከፍቶ በላዩ ላይ መቀባት ነው። እባካችሁ እንዳታደርጉት። የተበላሸ ከለር ይስተካከላል። በድንጋጤ ተደጋግሞ በኬሚካል የተቃጠለ ፀጉር ግን ተቆርጦ እንደገና ከማደግ ሌላ መፍትሔ የለውም።

1. መጀመሪያ በደንብ እዩት

እርጥብ ፀጉር ከትክክለኛ መልኩ ጠቆር ብሎ ነው የሚታየው። ስለዚህ አድርቁትና ቀን ላይ መስኮት አጠገብ ቆማችሁ እዩት። የመታጠቢያ ቤት መብራት ያታልላል። ቢጫ አምፖል ሥር ደህናው ቡናማ ቀይ መስሎ ሊታይ ይችላል።

ከዚያ የፀጉሩን አቅም ፈትኑ። እርጥብ እንዳለ አንድ ነጠላ ፀጉር ይዛችሁ ቀስ ብላችሁ ሳቡት። ትንሽ ተለጥጦ ወደ ቦታው ከተመለሰ ደህና ነው። እንደ ማስቲካ ተለጥጦ ከቀረ ወይም ወዲያው ከተበጠሰ ግን ምንም ኬሚካል አትጨምሩበት። ለጊዜው የሚያስፈልገው ኮንዲሽነርና እረፍት ብቻ ነው።

የራስ ቆዳችሁ ካቃጠላችሁ በብዙ ውሃ አለቅልቁት። ፊት ወይም ዓይን ካበጠ፣ ወይም መተንፈስ ካስቸገረ፣ ሳትውሉ ሳታድሩ ወደ ሐኪም ሂዱ።

2. ስህተቱ የትኛው እንደሆነ ለዩ

አንድ ነገር ከገባችሁ ሌላው ሁሉ ይቀላል፦ ቀለም ቀለምን አያነሳም። ቋሚ ከለር ስትቀቡ በጣም ጥቃቅን የሆኑ የቀለም ቅንጣቶች ፀጉሩ ውስጥ ይገባሉ። እዚያ ከፐሮክሳይድ (ከከለሩ ጋር ከሚደባለቀው ፈሳሽ) ጋር ሲገናኙ እርስ በርስ ተያይዘው ይተልቃሉ፤ በገቡበት መውጣት ያቅታቸዋል። በላዩ ላይ ፈካ ያለ ከለር ብትደርቡበት ውስጥ ያለው ጥቁር ንቅንቅ አይልም። አዲስ የበቀለው፣ ቀለም ያልነካው ሥር ግን ይፈካል። "ሥሩ ፈክቶ ጫፉ ጠቆረብኝ" የሚባለው ነገር ብዙ ጊዜ ምክንያቱ ይኸው ነው። የራስ ቆዳ ሙቀትም አለ። ሥሩ አካባቢ ሙቀቱ ኬሚካሉን ያፈጥነዋል።

3. ከመጠን በላይ ከጠቆረ

ለዚህ ስህተት ጊዜ ወሳኝ ነው። በተቀባችሁ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ከለሩ በቀላሉ ይለቃል። ጥልቅ ማጽጃ (clarifying) ሻምፑ ወይም የፎረፎር ሻምፑ ውሰዱ። ሁለቱም ከተለመደው ሻምፑ ይልቅ ቀለም ያራግፋሉ። ለብ ባለ ውሃ አረፋ እስኪያወጣ እሹት፣ ጥቂት ደቂቃ ተዉት፣ ከዚያ ታጠቡ። የሚወርደው ውሃ ቀለም ከያዘ እየሠራ ነው ማለት ነው። ከእያንዳንዱ ማጠብ በኋላ ኮንዲሽነር የግድ ነው።

ካልበቃ ቫይታሚን ሲን ሞክሩ። ነጩን፣ ቀለም የሌለውን እንክብል አድቅቃችሁ ከሻምፑ ጋር ወፈር አድርጋችሁ አዋህዱት። እርጥብ ፀጉር ላይ ቀቡት፣ የፕላስቲክ ኮፍያ አድርጉበት፣ ቢበዛ 1 ሰዓት ቆይታችሁ በደንብ ታጠቡ። ጊዜያዊ ከለር ላይና ገና ትኩስ በሆነ ቀለም ላይ ጥሩ ይሠራል። ወራት ያስቆጠረ ጥቁር ላይ ግን ብዙ አትጠብቁበት። የራስ ቆዳችሁ ላይ ቁስል ወይም ጭረት ካለም ይቅርባችሁ፤ አሲድ ስለሆነ ያቃጥላል።

ቤኪንግ ሶዳ የሚመክሩ ሰዎች አሉ። እኔ አልመክርም። ፀጉር በተፈጥሮው በትንሹ ወደ አሲድ ያደላ ነው፣ ቤኪንግ ሶዳ ደግሞ ተቃራኒው ነው። የፀጉሩን ሽፋን ከፍቶ ሻካራ ያደርገዋል።

ከዚህ ቀጥሎ ያለው አማራጭ የከለር ማስወገጃ ነው። ብሊች፣ ማለትም የፀጉርን ቀለም የሚያነጣ ኬሚካል፣ አይደለም። ፀጉሩ ውስጥ ተያይዘው ትልቅ የሆኑትን ቅንጣቶች መልሶ ያሳንስና በውሃ እንዲወጡ ያደርጋል። ሽታው የተበላሸ እንቁላል ነው፣ አትደንግጡ። ሰው ሁሉ የሚሳሳተው ማጠቡ ላይ ነው። በመመሪያው ላይ የተጻፈውን ያህል ደቂቃ፣ ሳትሰለቹ፣ በሚፈስ ውሃ እጠቡት። ቅንጣቶቹ ውስጥ ከቀሩ አየር ሲያገኛቸው መልሰው ይተልቃሉ፤ በማግስቱ ፀጉሩ እንደገና ጥቁር ሆኖ ታገኙታላችሁ። ሌላም ማወቅ ያለባችሁ ነገር አለ፦ ማስወገጃው የተፈጥሮ ቀለማችሁን አይመልስም። የመጀመሪያው ከለር ፐሮክሳይድ የተፈጥሮውን ጥቁር በትንሹ አፍክቶታልና ከከለሩ ሥር የሚወጣው ወደ መዳብ የሚያደላ መልክ ነው።

4. ብርቱካናማ ወይም ቢጫ ከሆነ

ጥቁር ፀጉር ሲፈካ መጀመሪያ ቀይ፣ ከዚያ ብርቱካናማ፣ በመጨረሻ ቢጫ ይሆናል። እናንተ ግማሽ መንገድ ላይ ቆማችኋል ማለት ነው። እዚህ ላይ የሚሠራው ተቃራኒ ቀለም ነው፦ ብርቱካናማን ሰማያዊ፣ ቢጫን ሐምራዊ፣ ቀይን አረንጓዴ ያጠፋዋል። ብርቱካናማ ፀጉር ይዘው ሐምራዊ ሻምፑ ገዝተው "አልሠራልኝም" የሚሉ ብዙ ናቸው። የሚያስፈልጋቸው ሰማያዊው ነበር።

ሻምፑውን በሳምንት አንዴ ወይም ሁለቴ ተጠቀሙ። ከ3 እስከ 5 ደቂቃ ይበቃዋል። ብርቱካናማው ወይም ቢጫው ካልጠፋ ቶነር (ያልተፈለገውን መልክ የሚያለዝብ ቀላል ከለር) ወይም ከፊል ቋሚ ከለር ምረጡ። ፓኬቱ ላይ ያሉትን ቁጥሮች ማንበብ እዚህ ይጠቅማል። የመጀመሪያው ቁጥር ድምቀቱን ይነግራል፤ 1 ጥቁር ሲሆን 10 በጣም የፈካ ነው። ከነጥቡ በኋላ ያለው 1 በአብዛኞቹ ምርቶች ላይ አመድማ ማለት ነው። አሁን ፀጉራችሁ ያለበትን ድምቀት የያዘ፣ ከነጥቡ በኋላ 1 ያለው ፈልጉ። ፐሮክሳይዱ 3 በመቶ፣ ማለትም 10 ቮልዩም ከሆነ ይበቃል። ለማስተካከል ብላችሁ 12 በመቶ አትንኩ።

5. ሥሩ ብቻ ከፈካ ወይም ዝንጉርጉር ከሆነ

ሙሉ ፀጉር አትቀቡ። ሥሩ ከሆነ ከጫፉ ጋር የሚመሳሰል፣ ጠቆር ያለ ከለር ሥሩ ላይ ብቻ በብሩሽ አስቀምጡ። ቀለም ያልደረሰበት ቦታ ካለ፣ አብዛኛውን ጊዜ ከማጅራት በላይ ነው፣ ፀጉሩን በክሊፕ ከፋፍላችሁ ያንን ብቻ በዚያው ከለር ሙሉት። ሁለት መስታወት ወይም የሌላ ሰው እጅ ያስፈልጋችኋል።

6. አረንጓዴ ካደረገ

በጣም የፈካ ፀጉር ላይ አመድማ ቡናማ ሲቀባ ይህ ይመጣል። ጎድሎ ያለው ቀይ ነው። ቀይ ወይም መዳብማ መልክ ያለው ጊዜያዊ ከለር፣ በኮንዲሽነር አቅጥናችሁ ለጥቂት ደቂቃ ተቀቡ።

ግንባርና ጆሮ ላይ የቀረውን ቀለም በዘይት ወይም በቫዝሊን አርሳችሁ በለስላሳ ጨርቅ ጥረጉት።

የትኛውንም ከለር ከመጨመራችሁ በፊት ግን ከጆሮ ኋላ አንድ ቀጭን ዘለላ ላይ ሞክሩት፣ አድርቃችሁም እዩት። ምርቱ አዲስም ሆነ የለመዳችሁት፣ 48 ሰዓት አስቀድማችሁ ትንሽ ቆዳ ላይ የአለርጂ ሙከራ አድርጉ። ባለፈው ምንም አልሆነብኝም ማለት ዋስትና አይሆንም። አለርጂ ከዓመታት አጠቃቀም በኋላም ሊጀምር ይችላል።

7. ለባለሙያ የሚተዉ ነገሮች

ፀጉራችሁ በሪላክሰር (በፀጉር ማለስለሻ ኬሚካል) የተሠራ ከሆነ ቤት ውስጥ ብሊች አይታሰብ፤ ይበጠሳል። ሪላክሰርና ከለር መሀልም ቢያንስ 2 ሳምንት መኖር አለበት። ሂና ከተቀባችሁ ደግሞ የበለጠ ተጠንቀቁ። ንጹሑ ሂና ብዙ ችግር የለውም፤ የብረት ጨው የተቀላቀለበት ሂና ግን ፐሮክሳይድ ሲነካው ሊግልና ፀጉሩን ሊያቃጥል ይችላል። ብዙ ጊዜ ተደራርቦ የተቀባን ጥቁር ወደ ቢጫ መውሰድም የቤት ሥራ አይደለም።

ቀጠሮው እስኪደርስ ካውያና ትኩስ ፎን አቁሙ፣ ለብ ባለ ውሃ ታጠቡ። ስትሄዱ የተቀባችሁትን ፓኬት ወይም ፎቶውን ያዙ። ባለፉት ሁለት ዓመታት ፀጉራችሁን የነካውን ሁሉ፣ ሂናውንም ሪላክሰሩንም፣ ሳትደብቁ ንገሯቸው። ጫፉ ላይ ያለው ፀጉር ያን ጊዜም ነበር።