ትናንት ሲያቃጥል የነበረው ቦይለር ዛሬ ከቀዘቀዘ

ይህ ሲገጥማችሁ ሬዚስታንስ (ውሃውን የሚያሞቀውን ብረት) ለመግዛት ወደ ፒያሳ አትሩጡ። ብዙ ጊዜ ሙቀቱ ከልክ አልፎ መከላከያው መስመሩን ቆርጦት ነው።

ብሬከሩን አውርዱ። የግድግዳው ማጥፊያ ብቻ አይበቃም፤ ገመዱ ተገላብጦ የተገጠመበት ቤት ስንት አለ መሰላችሁ! ሽፋኑን በካቻቢቴ ፍቱና ኤሌክትሪክ አለመኖሩን በቴስተር አረጋግጡ። ሙቀቱን የሚቆጣጠረው ቴርሞስታት ላይ ትንሽ ቁልፍ አለች፣ ብዙ ጊዜ ቀይ ናት። ስትጫኗት «ቀጭ» ካለች ቆርጣ ነበር ማለት ነው።

ግን ለምን ቆረጠች? እኔ ጎንደር ውስጥ ስሠራ መጀመሪያ የምጠይቀው ስለ ውሃ ነው። ዳገት ላይ ያሉ አንዲት እትዬ ጠርተውኝ «ልጄ፣ ውሃ ከሄደ ሰነበተ፤ ቦይለሩን ግን ማን አስታውሶ ያጠፋዋል?» አሉኝ። የሙቅ ውሃው ቧንቧ ክፍቱን ነበር፤ «ሲመጣ እንድሰማው ብዬ» ነው ያሉት። በዚያ አየር ይገባል። ከቦይለሩ ሥር ያለው፣ ውሃ ወደ ኋላ እንዳይመለስ የሚይዘው ቫልቭ ደግሞ አርጅቷል። ስለዚህ የበርሜሉ ውሃ በቀዝቃዛው መስመር ቁልቁል ወርዷል። ሬዚስታንሱ ባዶ በርሜል ውስጥ ጋለ፣ ቁልፏም ቆረጠች። ባትቆርጥ ይቃጠል ነበር። እንዲህ ከሆነ ቫልቩን ቀይሩ። ብሬከሩን ከመመለሳችሁ በፊትም የሙቁን ቧንቧ ከፍታችሁ አየር መትፋቱን ትቶ ወጥ ሆኖ እስኪወርድ ጠብቁ።

ውሃ ሳይጠፋ፣ ቁልፏ ከመቁረጧ በፊት በእንፋሎት የታጀበ ውሃ ይመጣ ከነበረ ጥፋቱ የቴርሞስታቱ ነው፤ ተጣብቆ አልቆርጥም ብሏል። ከተማችን ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር ስለምትበልጥ ውሃ እዚህ 100 ዲግሪ ሳይደርስ፣ 93 ገደማ ላይ ይፈላል። ቴርሞስታቱን ቀይሩና 60 ላይ አድርጉት። ቁልፏን በሽቦ አገናኝቶ «ተሠራ» የሚላችሁን ሠራተኛ ግን ሻይም አታጠጡት፤ የተዘጋ በርሜል ያለ መከላከያ ሊፈነዳ ይችላል።

ቁልፏ ካልቆረጠች ሬዚስታንሱን በኦም መለኪያ (የኤሌክትሪክ መቋቋምን በሚያሳየው) ለኩ። የ1,500 ዋት ከሆነ 32 ኦም አካባቢ ማሳየት አለበት። ምንም ካላሳየ ተበጥሷል። ከበርሜሉ ብረት ጋር ስትለኩት ካነበበም ጣሉት።

ውሃው ለብ ሳይል ደጋግሞ የሚቆርጥ ከሆነ ሬዚስታንሱ ነጭ ቅርፊት ለብሶ ይሆናል። ውሃውን አፍስሳችሁ አውጡት፤ ቅርፊቱን ሆምጣጤ ውስጥ አሳድራችሁ አራግፉት። ስትመልሱት አዲስ ጎማ ግጠሙለት፣ አሮጌው ያንጠባጥባል።