የአንጋፋ መኮንንን የአገልግሎት ታሪክ በሕይወት እያሉ መመዝገብ

በቀብር ላይ የሚነበበው የሕይወት ታሪክ ብዙ ጊዜ በአንድ ሌሊት ይጻፋል። ሠላሳ ዓመት የለፉ መኮንን «በተለያዩ ግንባሮች በከፍተኛ ኃላፊነት አገልግለዋል» ተብለው ያልፋሉ። ይህ ግፍ ነው። ሥራው ባለታሪኩም የኮርስ ጓዶቻቸውም (አብረዋቸው ሠልጥነው የተመረቁት) በሕይወት ሳሉ መጀመር አለበት።

ከወሬ በፊት ወረቀት ይቅደም። ደብተር ላይ አምስት ዓምድ አስምሩ፦ ቀን፣ ማዕረግ፣ ኃላፊነት፣ የጦር ክፍል፣ ቦታ። የሹመትና የዝውውር ደብዳቤ፣ የኮርስ ሰርተፊኬት፣ የሜዳሊያ ወረቀትና የጡረታ ማኅደር የሚሉትን ብቻ አስገቡ። በግንቦት 1983 ሠራዊቱ ሲበተን የብዙዎች ሰነድ ስለጠፋ ክፍት ቦታ ይበዛል። አትደንግጡ፤ ክፍት የቀረው ሁሉ የቃለ መጠይቁ ጥያቄ ይሆናል።

ትልቁ ስሕተት የሚፈጠረው ማዕረግና ኃላፊነት ሲቀላቀሉ ነው። ሻምበልና ሻለቃ የማዕረግም የጦር ክፍልም ስሞች ናቸው። «በ1970 ሻለቃ ይመሩ ነበር» የሚለው ማዕረጋቸውን አይናገርም፤ አዛዥ ሲሰዋ ሻምበሉ ሻለቃውን ተረክቦ ሊያዋጋ ይችላል። ስለዚህ «በሻምበል ማዕረግ የሻለቃ ጦር አዛዥ» ብላችሁ ሁለቱንም ጻፉ። ኮሎኔል ሆነው ጡረታ የወጡትንም ገና ከዕጩ መኮንንነታቸው ጀምሮ «ኮሎኔል» አትበሏቸው፤ እድገታቸው ይጠፋል።

ቀጥሎ የዘመን አቆጣጠር ነው። ውጭ አገር የተማሩበት ሰርተፊኬት በፈረንጆች ቀን ስለሚጻፍ ሁሌም 8 መቀነስ ያሳስታል። ከጃንዋሪ እስከ መስከረም 1 ዋዜማ 8፣ ከመስከረም 1 እስከ ዲሴምበር መጨረሻ 7 ይቀነሳል። ቃኘው ሻለቃ ኮሪያ የደረሰው በሜይ 1951 ነው፤ በእኛ 1943። የክቡር ዘበኛ መፈንቅለ መንግሥት ሙከራ ግን ዲሴምበር 1960 ስለሆነ ታኅሣሥ 1953 ነው። አንዷ ዓመት ከተሳሳተች መኮንኑን ባልነበሩበት ጦርነት ውስጥ ታስገባቸዋለች።

ወደ ቃለ መጠይቁ ስትገቡ በማዕረጋቸው ጥሯቸው። አንድ ቁጭታ ከአንድ ሰዓት ተኩል አይብለጥ፤ ከዚያ በኋላ ቀኖች መደበላለቅ ይጀምራሉ። መድፈኛና ታንከኛ የነበሩ ብዙዎቹ ጆሯቸው ተጎድቷል፤ ደህና በሚሰማው ጆሮ በኩል ተቀመጡ። ውጭ አገር ያለ ልጅ በስልክ ከሚጠይቅ ይልቅ ጥያቄዎቹን ጽፎ አጠገባቸው ላለ ዘመድ ቢልክ ይሻላል። «በስንት ዓመተ ምሕረት ነበር?» ከማለት በታወቀ ነገር ተንተራሱ፦ በ1966 ሠራዊቱ ሲያምፅ የት ነበሩ? የካቲት 26 ቀን 1970 ካራማራ ሲያዝ ከየትኛው ክፍል ጋር ነበሩ? መጋቢት 1980 አፋቤት ላይ የመንግሥት ሠራዊት የነበረው ናደው ዕዝ ሲመታስ? ቦታው ከታወሰ ቀኑ ይከተላል። ስንት ሰው እንደገደሉ አትጠይቁ። ስለ ወደቁ ጓዶቻቸው ሲናገሩ ዝም ብላችሁ ጠብቁ፤ ስማቸውን ግን በሙሉ መዝግቡ፤ ሌላ ቦታ ላይኖር ይችላል።

የጦር ክፍሉን በዘመኑ ስሙ ጻፉት። በንጉሡ ጊዜ ሐረር የነበረው 3ኛ ክፍለ ጦር ነው እንጂ በኋላ በመጡት ዕዞች ስም አይጠራም።

ፎቶግራፍ ራሱን የቻለ ሰነድ ነው። ትከሻ ላይ አንድ ኮከብ ምክትል መቶ አለቃ፣ ሁለት መቶ አለቃ፣ ሦስት ሻምበል መሆኑን ይናገራል፤ መለዮው ላይ ዘውድ ካለ ዘመኑ የንጉሡ ነው። ከበስተጀርባው የሰዎቹን ስም ከግራ ወደ ቀኝ በለስላሳ እርሳስ ጻፉ፤ እስክሪብቶ በጊዜ ብዛት ወደ ፊት ይዘልቃል። ደብዳቤዎቹን በ600 ዲፒአይ (የስካን ጥራት መለኪያ) ስካን አድርጉ፤ በላስቲክ አታስለብዷቸው፤ ሙቀቱ ቀለሙንና ማኅተሙን ያበላሻል፣ አንዴ ከተለበደም አይላቀቅም።

ከዚያ ሁለት የኮርስ ጓዶችን ፈልጉ። የሆለታም የሐረርም ጦር ትምህርት ቤት ምሩቃን ኮርሳቸውን በቁጥር ያስታውሳሉና እነሱን ማግኘት ከሚታሰበው ይቀላል። አባባላቸው ከባለታሪኩ ከተለያየ አንዱን መርጣችሁ ሌላውን አትሰርዙ፤ ማን ምን እንዳለ ሁለቱንም አስፍሩ።

ረቂቁን ለባለታሪኩ ድምፅ አውጥታችሁ አንብቡላቸው፣ ያርሙ፣ በየገጹ ይፈርሙበት። ሦስት ቅጂ ይበቃል፦ አንዱ ከእርሳቸው ዘንድ፣ አንዱ ሌላ ከተማ ወይም ውጭ አገር ባለ ልጅ እጅ፣ አንዱ ከቃለ መጠይቁ የድምፅ ቅጂ ጋር በፍላሽ ላይ።